ጾም ላይ ነኝ አልኩት፦ እንግሊዝኛን በምግብ አባባሎች ለመማር ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ሁዳዴ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ምሳ ክፍል መሄዴን ተውኩ። ሰዉ ሲበላ እኔ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን እነካካለሁ። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን፣ ድሮ ምሳ አብሮኝ የሚበላ አንድ ሸምገል ያለ ባልደረባዬ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ቢፍ ዊዝ ሚ?» አለኝ።

ቢፍ የበሬ ሥጋ መሆኑን አውቃለሁ። ሥጋ ልጋብዝህ ያለኝ መሰለኝ። «ኖ፣ ኖ። አይ አም ፋስቲንግ» አልኩት። ሰውዬው ትንሽ አፍጥጦ አየኝና በሳቅ ፈረሰ።

ለካ «ተቀይመኸኛል ወይ?» ማለቱ ነው። ቢፍ በእነሱ አፍ ቅሬታም ነው፣ ጠብም ነው። የሚገርመው መልሴ ትክክል ነበር። የጠፋሁት በጾሙ እንጂ በኩርፊያ አይደለም። ግን ትክክል የሆንኩት በዕድል ነው። በዕድል ደግሞ ቋንቋ አይለመድም። በማግስቱ ከሱቅ ትንሽ ደብተር ገዛሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

ለምን ምግብ? ቢባል፣ የእኛው ቋንቋ ራሱ ገበታ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ሥራ ፍለጋ የወጣ ሰው እንጀራ ፍለጋ ወጣ እንላለን። ሴራ እንደ ጠላ ይጠነሰሳል። ሐሳብ ይበስላል፣ ደም ይፈላል። ባልንጀራ የሚለውን ቃል ልብ በሉት፤ ባለ እንጀራ ማለት ነው፣ እንጀራ የሚጋራ። እንግሊዝኛው «ከምፓኒየን» የሚለው ቃል ከላቲን ነው የመጣው። ኮም አብሮ ማለት ነው፣ ፓኒስ ደግሞ ዳቦ። ዳቦ አብሮ የሚበላ። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ ጓደኛን ከአንድ ማዕድ አነሡት። እንዲህ ዓይነት ዘመድ ያለው ሰው ከዜሮ አይጀምርም።

ደረጃ 1፦ ደብተሩ

ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፣ ግን በእጅ የጻፉት ይያዛል። ለአንድ አባባል አንድ ሙሉ ገጽ ስጡ። አትሰስቱ። ገጹ ላይ አምስት ነገር ይኖራል፦ እንግሊዝኛው፣ ቃል በቃል ሲታይ የሚፈጥረው ሥዕል፣ እውነተኛ ትርጉሙ፣ ከማን አፍ እንደሰማችሁት፣ እና የራሳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር።

እኔ እዚህ አባባሎቹን በፊደላችን የምጽፈው በጆሮ እንድታውቋቸው ነው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። አጻጻፉ ከጠፋችሁ በፊደላችን የጻፍኩትን ለስልካችሁ በድምፅ ንገሩት፤ እሱ ይጽፍላችኋል። ካልጻፈላችሁ ደግሞ አነጋገራችሁ መታረም እንዳለበት አወቃችሁ ማለት ነው። አንድ ሥራ ሁለት ጥቅም።

አንዱን ገጼን ላሳያችሁ።

እንግሊዝኛው፦ «አይ ሃቭ ኤ ሎት ኦን ማይ ፕሌት»።
የሚታየኝ፦ ሳህኔ ሞልቶ አክስቴ ገና ጭልፋ ይዛ ስትመጣ።
ማለት፦ ሥራ ተደራርቦብኛል፣ ሌላ አትጨምሩብኝ።
የማን አፍ፦ የፈረቃ ኃላፊያችን፣ ቅዳሜ ግቢ ስትባል።
የራሴ፦ «አይ ሃቭ ኤ ሎት ኦን ማይ ፕሌት ዚስ ዊክ፣ ማይ ሰን ኢዝ ሲክ»።

አራተኛው መስመር ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው እላለሁ። አባባል ባለቤት አለው። አለቃ ለሠራተኛ የሚለው፣ ሠራተኛ ለአለቃ የሚለው፣ ልጅ ለልጅ የሚለው አንድ አይደለም። ከማን እንደሰማችሁት ካልጻፋችሁ ለማን እንደምትሉት አታውቁም።

አምስተኛው መስመር እውነት ይሁን። ከመጽሐፍ የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር በሦስት ቀን ይጠፋል። ልጃችሁ የታመመበት ሳምንት ግን አይረሳም።

ደረጃ 2፦ አስቀድማችሁ ከምታውቁት ጀምሩ

ብዙ ሰው ኢንተርኔት ከፍቶ «መቶ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች» የሚል ዝርዝር ይጀምራል። አሥረኛው ላይ ይደክመዋል። እኔ የምመክረው ሌላ በር ነው። እንግሊዝኛ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞቹ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1611 ከታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም፣ ብዙ አባባል ወርሷል። እነዚህን አባባሎች አማርኛ ተናጋሪ፣ ምንም ሃይማኖት ይኑረው፣ በአማርኛቸው ሰምቷቸዋል። ስለዚህ የምትማሩት ድምፁን ብቻ ነው፤ ትርጉሙ ቤታችሁ ውስጥ አለ።

«የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» የሚለውን ውሰዱ። «ጊቭ አስ ዚስ ዴይ አወር ዴይሊ ብሬድ» ነው። ብሬድ ዳቦ ነው፣ እኛ እንጀራ አልን። ከዚህ አንድ መስመር ትልቅ ቁልፍ ታገኛላችሁ፦ ብሬድ በሚባልበት አባባል ሁሉ እንጀራ ብላችሁ ብታስቡ አብዛኛውን ጊዜ አትሳሳቱም። «ብሬድዊነር» የቤቱን እንጀራ የሚያመጣው ሰው ነው። «ዚስ ኢዝ ማይ ብሬድ ኤንድ በተር» ያለ ሰው «እንጀራዬ ነው፣ የምኖርበት ሥራ ነው» ማለቱ ነው። የመንገድ ልጆች ገንዘብን ራሱን «ብሬድ» ሲሉ ትሰማላችሁ።

«እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀኝ» ይላል መዝሙረኛው። እንግሊዝኛው ብሌኑን ፖም አደረገው፤ «ዚ አፕል ኦቭ ማይ አይ»። አያት የልጅ ልጇን የምትጠራበት ነው። ፖም ሲሉ ከሰማችሁ ፍራፍሬ አትፈልጉ።

«የምድር ጨው ናችሁ» ማቴዎስ 5፥13 ላይ ነው። «ሶልት ኦቭ ዚ ኧርዝ» ዛሬ ስለ አንድ ሰው ሲነገር ቅን፣ ጉራ የማያውቅ፣ ሰው የሚታመነው ማለት ነው። ኤሳው ብኩርናውን የሸጠበት የምስር ወጥ ደግሞ «ኤ መስ ኦቭ ፖቴጅ» ይባላል። ትልቅ ነገር በትንሽ ለወጠ ለማለት ይጠቅሱታል፤ ግን ጋዜጣ ላይ ታነቡታላችሁ እንጂ አውቶቡስ ውስጥ አትሰሙትም። ወተትና ማርም እንዳለ አለ፤ «ሚልክ ኤንድ ሃኒ»።

ደረጃ 3፦ በሦስት ድስት ለዩዋቸው

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አዲስ አባባል በሰማችሁ ቁጥር «ይህ የትኛው ድስት ውስጥ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያው ድስት ሥዕሉም ትርጉሙም ከእኛ ጋር አንድ የሆነው ነው። ይህን ቶሎ ያዙና እለፉ። ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ኑሮ «ሃንድ ቱ ማውዝ» ነው። ያልበሰለ ሐሳብ «ሃፍ ቤክድ» ነው፣ ግማሽ የተጋገረ። ደሜ ፈላ «ማይ ብለድ ቦይልስ»። የሆነ ነገር እየተጠነሰሰ ነው ለማለት «ሰምሲንግ ኢዝ ብሩዊንግ» ይላሉ፤ እነሱም ጠማቂዎች ናቸው መቼስ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚለው ደግሞ «ዶንት ባይት ዘ ሃንድ ዛት ፊድስ ዩ» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልዩነት አለች። እነሱ የሚታያቸው ውሻ ነው። እኛ ግን ሰውን በእጃችን ስለምናጎርስ የምናየው ዘመድ ነው። ስለዚህ የእኛው ይበልጥ ያማል።

ሁለተኛው ድስት ትርጉሙ አንድ፣ ሥዕሉ ሌላ የሆነው ነው። እዚህ መደሰት አለባችሁ። ቃል በቃል አትተርጉሙ፤ አባባልን በአባባል ለውጡ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚለው የእኛ ጭቃ እነሱ ዘንድ መጥበሻ ነው፤ «አውት ኦቭ ዘ ፍራይንግ ፓን ኢንቱ ዘ ፋየር»። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ስንል እነሱ ወተት ያፈስሳሉ፤ «ኖ ዩዝ ክራይንግ ኦቨር ስፒልት ሚልክ»። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የምንለው ሰው እነሱም ዘንድ ከቅቤ አልራቀም፤ «በተር ዉድንት ሜልት ኢን ሂዝ ማውዝ»፣ አፉ ውስጥ ቅቤ አይቀልጥም። መልአክ መሳይ ማለት ነው፣ በተለይ ሳይሆን ሲመስል።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይህ እነሱ ዘንድ ፓይ ሆኗል፤ በሊጥ ውስጥ ሙሌት ተደርጎ የሚጋገር ምግብ ነው። «ፓይ ኢን ዘ ስካይ»። ይህን አባባል ጆ ሂል የሚባል ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ የኖረ የሠራተኛ ማኅበር ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1911 አወጣው። የተራበውን ሠራተኛ «ስትሞት ሰማይ ላይ ፓይ ትበላለህ» እያሉ የሚሰብኩትን ለማሽሟጠጥ ነው። እኛ ላም፣ እነሱ ፓይ። ሰማዩ ግን ያው ነው።

ጨው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ሂ ኢዝ ዎርዝ ሂዝ ሶልት» ሲሉ ሰውዬው ሥራውን የሚያውቅ፣ የሚከፈለው የሚገባው ነው ማለታቸው ነው። ለብዙ ተማሪ ይህ ግራ ነው፤ ጨው ከደመወዝ ጋር ምን አገናኘው? ለእኛ ግን ግራ መሆን የለበትም። አያቶቻችን በአሞሌ ገበያ ወጥተዋል። ከአፋር ቆላ እየተቆረጠ የሚመጣው የጨው አሞሌ ብር እንደልብ እስኪገኝ ድረስ ገንዘብ ነበር። ስለዚህ «ዎርዝ ሂዝ ሶልት» ሲባል አሞሌ ይታያችሁ፣ አበቃ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ የሚለውንም ከጎኑ ጻፉት።

አንዳንዱ ግን ሁለተኛው ድስት ውስጥ ያለ መስሎ አይገባም። «ዘ ፖት ኮሊንግ ዘ ኬትል ብላክ» የሚለውን ብዙ ሰው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለቱም ማድ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም ሰው ይወቅሳሉ። ግን አንድ አይደሉም። የእንግሊዝኛው ድስት ራሱ ጠቁሮ ማንቆርቆሪያውን «ጥቁር» ብሎ ይሰድባል፤ ወቀሳው ያለበትን ነውር በሌላው ላይ ለሚያወራ ነው። የእኛዋ ሴት ማንንም አልሰደበችም። ጥፋቷ የራሷን ትታ የሰው ጉዳይ ማማሰሏ ነው። እህታችሁ የእናንተን ልጆች አስተዳደግ ስታርም ውላ የራሷ ልጅ ትምህርት ቤት ካልሄደ፣ አማርኛው ይስማማታል። እህታችሁ ሁሌ አርፍዳ እየመጣች እናንተን «አርፋጅ» ካለቻችሁ፣ እንግሊዝኛው። እንዲህ ያለውን ልዩነት ስታገኙ ደብተሩ ላይ በቀይ አስምሩ።

ሦስተኛው ድስት የሚያቃጥለው ነው። ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ግን ሌላ፣ አንዳንዴም ተቃራኒ። ሐበሻ እንግሊዝኛ ሲናገር የሚደናቀፈው እዚህ ነው።

አንድ፦ ቃሉን በላ። እኛ ቃል የገባውን አፈረሰ ማለታችን ነው። «ሂ ኤት ሂዝ ዎርድስ» ግን የተናገረው ስህተት መሆኑን አመነ፣ አፍሮ ተመለሰ ማለት ነው። ቃል ገብቶ የካዳችሁን አከራይ «ዩ ኤት ዩር ዎርድስ» ብትሉት «ተሳስቻለሁ ብለህ አምነሃል» አላችሁት። እሱ ደግሞ አላመነም። የምትፈልጉት «ዩ ብሮክ ዩር ፕሮሚስ» ነው።

ሁለት፦ የበሰለ ሰው። እኛ ዘንድ ምስጋና ነው። «አይ አም ኩክድ» የሚል ወጣት ግን «አለቀልኝ» እያለ ነው። ስለ ራሳችሁ ቃለ መጠይቅ ላይ «በስያለሁ» ለማለት ይህን እንዳትሉ፤ «ማቹር» የሚል ቃል አለ።

ሦስት፦ ጨው ያለው ጨዋታ እንወዳለን። «ሶልቲ» የተባለ ሰው ግን ተሸንፎ ወይም ተነክቶ ያኮረፈ ነው።

አራት፦ በላ። በአማርኛ የሕዝብ ገንዘብ ይበላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ካርታ ጨዋታም ላይ ይበላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችሁ ስለ አንዲት ዘፋኝ «ሺ ኤት!» ካሉ ግን ምንም አልሰረቀችም፤ መድረኩን አሳመረችው፣ ጉድ አሰኘች ማለታቸው ነው።

አምስተኛው ሙሉ አንቀጽ ይገባዋል። «ሂ ቢት ኦፍ ሞር ዛን ሂ ኩድ ቹ»፣ ማኘክ ከሚችለው በላይ ጎረሰ። ከአቅሙ በላይ ሥራ ያዘ ለማለት ነው፣ ወቀሳ አለበት። ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት አልገባትም። «ማን አጎረሰው?» አለችኝ። እኛ ዘንድ እኮ ፍቅርና ጉርሻ ካላስጨነቀ አያምርም! አፍ የማይሞላ ጉርሻ ንፉግነት ነው። እነሱ አባባል ውስጥ ግን አጉራሽ የለም። ሰውዬው ብቻውን ነው የሚጎርሰው፣ ስለዚህ ቢያንቀው ጥፋቱ የራሱ ነው። አባባሉን የያዝኩት ያን ቀን ነው፤ ከእናቴ ጥያቄ በኋላ።

ደረጃ 4፦ ቅርጹን አትንኩ

አባባል እንደ ጀበና ነው፤ አንገቱን ብታሳጥሩት ጀበና አይሆንም። «ስፒል ዘ ቢንስ» ምስጢር አወጣ ነው። ባቄላውን በምስር መለወጥ አይቻልም። «ዘ» የምትለዋን መጣል አይቻልም። አንድ ባቄላ ማድረግም አይቻልም፣ ብዙ መሆን አለበት። የሚለወጠው ግሱ ብቻ ነው፤ «ሂ ስፒልድ ዘ ቢንስ»፣ «ዶንት ስፒል ዘ ቢንስ»።

አንዳንዱ በአሉታ ብቻ ይኖራል ማለት ይቻላል። «ኢትስ ኖት ማይ ካፕ ኦቭ ቲ»፣ አይመቸኝም፣ ምርጫዬ አይደለም። አንድን ነገር ሳያስቀይሙ እምቢ ለማለት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

አንዳንዱን ደግሞ ግማሹን ብቻ ይሉታል። «ቱ ሜኒ ኩክስ…» ብለው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ሙሉው ወጥ ሠሪው ሲበዛ ሾርባው ይበላሻል ነው፤ «ቱ ሜኒ ኩክስ ስፖይል ዘ ብሮዝ»። እኛም «ላም አለኝ በሰማይ…» ብለን እናቆም የለ? ስለዚህ ዓረፍተ ነገር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ቀሪውን ፈልጉ፤ አባባል ነው።

እንግሊዝና አሜሪካ ላይም ትንሽ ይለያያል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ለማለት አሜሪካኖቹ «ቴክ ኢት ዊዝ ኤ ግሬን ኦቭ ሶልት» ሲሉ እንግሊዞቹ «ኤ ፒንች ኦቭ ሶልት» ይላሉ። የምትኖሩበትን ያዙ፤ ሁለቱም ይገባል።

ደረጃ 5፦ ጆሮና ምላስ

ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው አባባሉ ሲነገር ላይሰማው ይችላል። ተያይዘው ስለሚፈስሱ ነው። «ፒስ ኦቭ ኬክ»፣ ቀላል ነገር፣ በፍጥነት ሲነገር «ፒሳኬክ» ነው የሚመስለው። «ካፕ ኦቭ ቲ» «ካፓቲ» ይሆናል። «ብሬድ ኤንድ በተር» በአሜሪካን አፍ «ብሬድንበደር» ነው። መጀመሪያ ተያይዞ ስሙት፣ ከዚያ ነጣጥሉት።

የእኛ ምላስ ሁለት ልማድ አለበት። አንደኛው በ«ስ» ለሚጀምር ቃል «እ» መጨመር ነው። «እስፒል» አይደለም፣ «ስፒል»። በ«ስ…» ጀምራችሁ እንደ እባብ ረዘም አድርጉት፣ ከዚያ «ፒል» በሉ። ሁለተኛው «ኢ» ነው። እኛ አንድ «ኢ» አለን፣ እነሱ ረጅምና አጭር አላቸው። ባቄላው «ቢን» ከንፈርን እንደ ፈገግታ ወደ ጎን ስቦ የሚባል ረጅም ነው። አጭር ካደረጋችሁት ቆሻሻ መጣያ ነው። ቆሻሻ መጣያውን ደፋ ማለት ምስጢር አወጣ ማለት አይሆንም፣ ምንም እንኳ ወሬ ቆሻሻ ቢሆን።

ደረጃ 6፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ልምምዱን ከቡና ጋር አስሩት። ቡና ስላለ ልምምዱ አይረሳም። ሰው ከሌለ ብቻችሁን ይቻላል፤ ጓደኛ ሌላ ከተማ ከሆነ በቴሌግራም ድምፅ እየላካችሁ ይቻላል።

አቦል ላይ አባባሉን ስሙ። ለተማሪ ተብለው የተዘጋጁት የካምብሪጅ፣ የኦክስፎርድና የሎንግማን መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ። ድምፅም ያሰማሉ፣ ምሳሌም ይሰጣሉ። ከቃሉ አጠገብ «ኢንፎርማል» ካለ ለአለቃ አይሆንም፣ «ኦልድ ፋሽንድ» ካለ ያረጀ ነው። ሰምታችሁ አምስት ጊዜ ድገሙ።

ቶና ላይ ደብተሩን ዝጉና የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር በሉ። ጊዜውን ለውጡ፦ ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ። ባለቤቱን ለውጡ፦ እኔ፣ እሷ፣ እነሱ።

በረካ ላይ ወሬ አውሩበት። የአንድ ደቂቃ ታሪክ፣ አባባሉ መጨረሻ ላይ የሚወድቅበት። ለምሳሌ አጎቴ መኪና ሸጦ ሌላ የባሰ መኪና ገዛ… «አውት ኦቭ ዘ ፍራይንግ ፓን»።

በሳምንት ሦስት አዲስ አባባል ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጎርስ ሰው ምን እንደሚባል ከላይ አይታችኋል። አራተኛው ቀን አዲስ አትያዙ፣ ያለፈውን ሳምንት ሦስት አባባል ክለሱ። ወር ሲሞላ አሥራ ሁለቱንም ዘርግታችሁ ለሰው አስረዱ። ማስረዳት ያቃታችሁን እንደ አዲስ ጀምሩት።

ሌላ ዘዴ፦ ወረቀት ቆርጣችሁ ዕቃው ላይ ለጥፉ። የጨው ዕቃው ላይ የጨው አባባል፣ የእንቁላል መያዣው ላይ «ዶንት ፑት ኦል ዩር ኤግስ ኢን ዋን ባስኬት» (ያላችሁን ሁሉ አንድ ቦታ አታድርጉ)፣ ሻይ ቅጠሉ ላይ የሻይ። እኔ ቤት ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት ታገሠች፣ ከዚያ ነቃቅላ ጣለችው። ሁለት ሳምንቱ በቃኝ።

ደረጃ 7፦ ብዙ ስሙ፣ ጥቂት ተናገሩ

መቶ አባባል ሲነገር መረዳት ያስፈልጋችኋል። ከአፋችሁ የሚወጡት ግን አሥር ቢሆኑ ይበቃል። አንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት አባባል የሚደረድር ሰው በአማርኛም ይሰለቻል።

መጀመሪያ በአፍ እንድትይዟቸው የምመክራችሁ «ኤ ሎት ኦን ማይ ፕሌት»፣ «ኖት ማይ ካፕ ኦቭ ቲ»፣ «ግሬን ኦቭ ሶልት»፣ «ፉድ ፎር ሶት» (ሊታሰብበት የሚገባ ነገር) እና «ፒስ ኦቭ ኬክ» ናቸው። የመጨረሻው ላይ ጥንቃቄ፦ የራሳችሁን ሥራ «ፒስ ኦቭ ኬክ» ማለት ይቻላል። ሰው የደከመበትን ሥራ እንዲህ ማለት ግን ማንኳሰስ ነው።

«ብሪንግ ሆም ዘ ቤከን» የሚለውን፣ ለቤት ገቢ ማምጣት ነው፣ የአሳማ ሥጋ ስላለበት የሚከብዳችሁ ካለ መናገሩ አያስገድፍም። ካልተመቻችሁ «ብሬድዊነር» አለላችሁ።

አባባል ጨርሶ የማይገባበት ቦታም አለ። ሐኪም ፊት፣ ጠበቃ ፊት፣ የኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ ላይ የቃል በቃል እንግሊዝኛ ተናገሩ። አስተርጓሚ ካለ ደግሞ የአማርኛ አባባልም አትጠቀሙ፤ «ቃሉን በላ» ተተርጉሞ መዝገብ ላይ ምን ሆኖ እንደሚቀመጥ አታውቁም። አረብ አገር ያላችሁም፣ አብራችሁ የምትሠሩት ከፊሊፒንስና ከህንድ የመጡ ከሆኑ እንግሊዝኛው ለእነሱም የተማሩት ነው። ባቄላ ማፍሰስ እዚያ ባቄላ ማፍሰስ ሊሆን ይችላል።

ያልገባችሁ ጊዜ እንደገባው ሰው ራሳችሁን አትነቅንቁ። «ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?» (ምን ማለትህ ነው?) በሉ። እኔ ያን ቀን ይህችን አንዲት ጥያቄ ባውቃት ኖሮ ሦስት ሳምንት የተቀየምኩት መስሎት የተጨነቀ ሰው ፊት ስለ ጾም ባላወራሁ።

ደረጃ 8፦ የእናንተንም አቅምሱ

ተቀባይ ብቻ አትሁኑ። «ዌር አይ ካም ፍሮም፣ ዊ ሴይ…» (እኛ አገር እንዲህ እንላለን) ብላችሁ ጀምሩ። ይህች መግቢያ ከሌለች ሰው ያልገባው እንግሊዝኛ ይመስለዋል፤ ካለች ግን ጆሮውን ይሰጣችኋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን «ሊትል ባይ ሊትል፣ ዚ ኤግ ዊል ዎክ» ብላችሁ ሞክሩት። ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጎመን በጤና ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፦ ከሰላም ጋር ጎመን ይሻላል፣ «ጀስት ካቤጅ፣ በት ዊዝ ፒስ»። ሳይቸግር ጤፍ ብድርን ግን ተዉት። ጤፍ ምን እንደሆነ አስረድታችሁ ስትጨርሱ ምሳ ሰዓት ያልቃል።

ያ ባልደረባዬ እንቁላሏን ወደዳት። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠርና ማሽኑ ሲያስቸግረው «ዚ ኤግ ዊል ዎክ፣ ማን» ይለዋል። ልጁ ዞሮ እኔን ያየኛል። ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ምሳ ክፍል ውስጥ ቀን መቁጠሪያውን በጣቱ እያሳየኝ መጣ። «ሶ» አለኝ፣ «ኖ ቢፍ ቢትዊን አስ ፎር ፊፍቲ ፋይቭ ዴይስ?»